ከስትሮክ በኋላ እጅን ለመመለስ የቱ ይሻላል?

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ፒያሳ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ መቀስ የያዘ ቀኝ እጁ አንድ ቀን ጠዋት አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል ወጥቶ እኛ ቤት፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሲያርፍ ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ "ወጌሻ ጋ ውሰዱት" ትላለች። ሌላው "ዱባይ ሰው ካላችሁ ሮቦት ጓንት አስልኩለት" ይላል። የጎረቤት ልጅ የጎማ ኳስ ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ ማንንም ሳልጠይቅ አንድ የሚንዘረዘር ማሳጅ ማድረጊያ ገዛሁ። አሁን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ያን ብር ከማውጣቴ በፊት ባውቀው ኖሮ ያልኩትን ነው እዚህ የጻፍኩት። የማወራው ስለ ክንድና እጅ ብቻ ነው። መራመድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ይህን ሥራ የያዘው ሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። አንዳንዱ "የሙያ ሕክምና" ይለዋል፤ ሰው ታዲያ ሥራ ማስቀጠሪያ ይመስለዋል። እኔ ግን ትርጉሙ ሳይታሰብ ገጥሟል ባይ ነኝ። እናቶቻችን "ባለሙያ ናት" ሲሉ ስለ ደመወዝ አያወሩም። ወጥ መሥራቱን፣ ጥጥ መፍተሉን፣ ቡና ማፍላቱን ነው። ቴራፒውም የሚያየው ይህንኑ ነው፦ መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ የዕለት ሥራ። በአገራችን ገና አዲስ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትምህርቱን ጀምሯል። አዲስ አበባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ፊዚዮቴራፒስት ነው። ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ካወቃችሁ እሱም ብዙ ይረዳችኋል።

## መጀመሪያ መለኪያው

እጁ ምን ያህል ይከፈታል? ከሁሉም የሚቀድመው ይሄ ነው፤ ጠያቂዎቻችን ግን አንዳቸውም አላነሡትም። የታመመውን ክንድ ጠረጴዛ ላይ አሳርፉት። መዳፉ ወደ ታች ይሁን፤ እጁ ከጠርዙ ወጥቶ ይንጠልጠል። አሁን አንጓውን ቀና ያድርግ። ጣቶቹንም ይዘርጋ። ብዙ ጥናቶች ለከባዱ ልምምድ፣ ማለትም ደህናውን እጅ አስሮ የታመመውን ለማሠራት፣ የሚጠይቁት ቢያንስ 10 ዲግሪ ያህል መዘርጋት ነው። 10 ዲግሪ በጣም ትንሽ ነው። የግድግዳ ሰዓት ረጅሙ ቆጣሪ በ2 ደቂቃ ከሚሄደው ያንሳል።

በዚህ መሠረት እጆችን በሦስት እከፍላቸዋለሁ። ምንም የማይንቀሳቀሰው ዝም ያለ እጅ ነው። ትከሻውና ክርኑ እየሞከሩ ጣቶቹ የማይዘረጉት የሚሞክር እጅ። አንጓውም ጣቶቹም ትንሽ ቀና የሚሉት ደግሞ የሚከፈት እጅ። ስሞቹ የራሴ ናቸው፤ ሐኪም ቤት ብትሏቸው ማንም አያውቃቸውም።

የጎማው ኳስ ነገርም እዚህ ላይ ይፈታል። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው የሚያቅተው መጨበጥ ሳይሆን መልቀቅ ነው። ኳሱ የሚያስጠናው ደግሞ መጨበጥን ነው።

የሚሠራው ማን ነው? አማርኛችን ነገሩን አስቀድሞ ለይቶታል፦ መንቀሳቀስ አለ፣ ማንቀሳቀስ አለ። ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስለት መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳል። አንጎል ግን ተመልካች ነው። አንጎል የሚማረው ትእዛዙን ራሱ ሲልክ፣ ሲሳሳት፣ ሲያስተካክል ነው።

ስንት ጊዜ? በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 312 የሕክምና ክፍለ ጊዜዎችን ቁጭ ብለው የቆጠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። በሽተኛው በታመመው እጁ ትርጉም ያለው ሥራ የሠራው በአንድ ክፍለ ጊዜ በአማካይ 32 ጊዜ ነው። በእንስሳት ላይ በሚደረጉ ሙከራዎች ግን አንጎል ሲለወጥ የታየው በቀን በመቶዎች ከሚቆጠር ልምምድ በኋላ ነው። ቁጥር ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የ85 ሰዎች ሙከራ በጠቅላላው 3,200፣ 6,400 እና 9,600 ድግግሞሽ፣ አንዱን ቡድን ደግሞ አቅሙ እስከቻለ ድረስ አሠርቶ አወዳደረ። ሰዎቹ ከታመሙ ከ6 ወር በላይ የሆናቸው ነበሩ። ብዙ የደገመው ይበልጥ አልተሻለውም። ስለዚህ 32 ያንሳል፤ ሰውን እስኪዝል ማስቆጠርም ትርፍ የለውም።

ኑሮን ይመስላል? ኒኮላይ በርንስታይን የተባለው ሩሲያዊ በ1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ መሮ በመዶሻ የሚመቱ ሠራተኞችን እንቅስቃሴ በፎቶ እየቀዳ አጥንቷል። መዶሻው በየጊዜው ዒላማውን ያገኛል። ትከሻ፣ ክርንና አንጓ የሚሄዱበት መንገድ ግን በእያንዳንዱ ምት ይለያል። ምናለሽ ተራ ቆማችሁ ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ብታዩት ያው ነው። የሰለጠነ እጅ አንድን እንቅስቃሴ አይሸመድድም፤ ያንኑ ችግር በየጊዜው እንደ አዲስ ይፈታል። ስለዚህ ባዶ ክንድ 100 ጊዜ ከማንሳት ስኒን ከረከቦት፣ ከመደርደሪያ፣ ከሰው እጅ መቀበል ይበልጣል።

አንዱ ድግግሞሽ ስንት ወጣበት? የክፍያውን፣ የደርሶ መልስ ራይዱን፣ አስታማሚው የቀረበትን የቀን ገቢ ደምሩ። በድግግሞሹ አካፍሉ። ለምሳሌ ጠቅላላው 1,600 ብር ቢሆንና 32 ጊዜ ቢሠራ አንዱ 50 ብር ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ 160 ጊዜ ካሠሩት 10 ብር ይሆናል። ይህን ስሌት ከሠራሁ ወዲህ ተራ ስንጠብቅ የምጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ።

## አማራጮቹ

ወጌሻና ማሳጅ። ማሸት ያዝናናል፣ ሕመም ሊያስታግስ ይችላል። አንጎልን ግን አያሠራም። እኔን የሚያስፈራኝ መጎተቱ ነው። ከስትሮክ በኋላ የትከሻ ጡንቻ ስለሚላላ የክንዱ አጥንት ከቦታው ዝቅ ሊል ይችላል። ያን ክንድ መሳብ ለወራት የሚቆይ የትከሻ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። በሽተኛውን ከአልጋ ስታነሡም በታመመ ክንዱ አትጎትቱት። ይሄ ለወጌሻው ብቻ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

የሆስፒታል ወይም የክሊኒክ ፊዚዮቴራፒ። መሀል ከተማ ላይ እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ፊዚዮቴራፒ ክፍል አላቸው። ክፍያቸው ከግሉ ይቀላል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ትልቁ ጥቅም እጁን በትክክል መርምሮ ደረጃውን የሚነግራችሁ ባለሙያ ማግኘታችሁ ነው። ደም ግፊቱም እግረ መንገዱን ይታያል። ካዛንቺስና ፒያሳ ኖረው በኮሪደር ልማቱ ዳር ከተማ የገቡ ቤተሰቦች ግን ስሌቱ ተቀይሮባቸዋል። ድሮ በእግር ይመጡ የነበሩት አሁን ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። እንዲህ ከሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ከመመላለስ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ መጥቶ የቤት ሥራ ተቀብሎ መሄድ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አትቸኩሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውና 2,104 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ እያወጡ አብዝቶ ማንቀሳቀስ ውጤቱን እንዳባሰው አሳይቷል። ከዚያ ወዲያ ግን ጊዜ ወርቅ ነው። አብዛኛው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይታያል። ከዚያም በኋላ በሩ አይዘጋም፤ እርምጃው ነው የሚቀንሰው።

ቤት የሚመጣ ቴራፒስት። ምቾቱ ግልጽ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። አጎቴን የሚያየው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ሰዓት እጁን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ዋለ። በሁለተኛው ቀን "ወንድሜ፣ ጋሼ ራሱ ስንት ጊዜ ይሠራል?" አልኩት። ደንገጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ብዕርና ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሌላም ጠይቁ፦ በራሳችን ዕቃ ያሠራል ወይስ ይዞት በሚመጣው ብቻ? በሌለበት ቀን የሚሠራ የቤት ሥራ ይተዋል? ሁለቱንም "አይ" ካለ፣ የምትከፍሉት ለጨዋታው ነው።

በቤት የሚሠራ የተግባር ልምምድ። እኔ የምወደው ይሄን ነው። ዕቃው ሁሉ ኩሽና ውስጥ አለ። ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀ ግራስፕ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በሽተኛው መመሪያና ዕቃ ተሰጥቶት ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ ለብቻው ይለማመዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ሙከራ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ 103 ሰዎች ተሳትፈዋል። ለ4 ሳምንት የሠሩት የተሻለ የእጅ አጠቃቀም አሳይተዋል።

እኛ ቤት የሚሠራው ይህን ይመስላል። ባቄላ ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ሌላው። ባዶ ስኒ ከረከቦት አንስቶ መመለስ። ፎጣ ማጠፍ፣ ጠረጴዛ መወልወል። ሲበረታ ምስር መልቀም። እንጀራ መቁረስ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ በሦስት ጣት ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ ወጥ ሳያፈሱ አፍ ማድረስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀኝ እጁ የታመመ ሰው ደግሞ በግራ መብላቱ ያሳፍረዋል። አጎቴ እንግዳ ሲኖር "ጠግቤያለሁ" ይል ነበር። ለብቻው ቀደም ብሎ እንዲለማመድ አደረግን። የጉርሻ ፍቅር እዚህ ላይ ጠላት ነው። አክስቴ እጁ ገና ወደ መሶቡ ሳይደርስ ታጎርሰዋለች። "እትዬ፣ አስር ቁጠሪና ከዚያ አጉርሺው" አልናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቤተሰብ ብቻውን ባለሙያ አይተካም። ሕንድ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 በሽተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር፤ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቤተሰብን አሠልጥኖ ቤት ውስጥ ማሠራት ከተለመደው ክትትል የተሻለ አልሆነም። ሙከራው የለካው ሞትንና በሰው ጥገኛ መሆንን እንጂ እጅን ብቻ አይደለም። ቢሆንም የቤት ሥራውን የሚያርም ሰው ያስፈልጋል።

ደህናውን እጅ ማሰር። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከዝንጀሮ ሙከራ የተነሣ ነው ያመጣው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የታመመው እጅ ደጋግሞ ሲያቅተው ደህናው ሁሉን ይወስዳል። ሕመሙ ቢሻል እንኳ እጁ መቀመጥ ለምዷል። ስለዚህ ደህናውን ጓንት አልብሰህ ሥራ ታስፈታዋለህ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክሳይት የተባለው ሙከራ ከታመሙ ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች ይዞ ነበር። ለ2 ሳምንት፣ ከነቁበት ሰዓት 90 በመቶውን ጓንት ለብሰው፣ በየሥራ ቀኑ ቢበዛ ለ6 ሰዓት ያህል ሠለጠኑ። ከዓመት በኋላም ጥቅሙ ይታይ ነበር። ከሁሉም አማራጮች ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው።

ግን በእጁ ሁኔታ ላይ ይመሠረታል። ለሚከፈት እጅ ብቻ ነው። ዝም ያለ እጅ ያለውን ሰው ደህናውን ብታስሩበት ማሰቃየት ነው። 6 ሰዓት የሚያሠለጥን ሰውም ከየት ይመጣል? ቀለል ያለ ዓይነት አለ፦ በሳምንት 3 ቀን የ30 ደቂቃ ልምምድ፣ በሥራ ቀናት ለ5 ሰዓት ጓንት፣ ለ10 ሳምንት። ውድ ጓንት አትግዙ፤ ወፍራም ካልሲ ይበቃል። ደረጃ ሲወርድ፣ ሽንት ቤት ሲገባ፣ ጀበና ወይም ከሰል አጠገብ ሲሆን አውልቁለት። በገዛ ፈቃዱ ካልተስማማ ደግሞ አትጀምሩ።

መስታወት። ርካሽነቱ ያስቃል። መስታወቱን በሁለቱ እጆች መሀል ታቆማላችሁ። የታመመው ከኋላ ይደበቃል። በሽተኛው የደህናውን ምስል እያየ ሁለቱንም ለማንቀሳቀስ ይሞክራል፤ ዓይን የታመመው እጅ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ራማቻንድራን የተባለው የነርቭ ሐኪም እጃቸው ለተቆረጠ ሰዎች ሕመም የጀመረው ነገር ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ለስትሮክ በ9 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ 62 ጥናቶችንና 1,982 ሰዎችን ደምሮ እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ማስረጃ አገኘ። ዝም ላለ እጅ ሊሞከሩ ከሚችሉ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ከመስታወት ቤት ከጣት እስከ ክርን የሚያሳይ አስቆርጡ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፤ ምስሉን ያፈርሳል። አጎቴ በመጀመሪያው ቀን "ይሄ የጥንቆላ ነው" ብሎ ነበር።

የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ። ስትገዙ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች እንዳሉ እወቁ። ቴንስ የሚባለው ለሕመም ማስታገሻ ነው። ጡንቻ ጨምድዶ አንጓ የሚያነሳው ሌላ ነው። ሻጮች ያምታታሉ። ሁለተኛው የሚጠቅመው በሽተኛው አብሮ ሲሞክር ነው እንጂ ቴሌቪዥን እያየ ሲቀመጥ አይደለም። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ያለው አይጠቀም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሮቦትና ሮቦት ጓንት። አጭር ልሁን። በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ 770 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ነበር። በሳምንት 3 ቀን፣ 45 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት በሮቦት የሠለጠኑት ከተለመደው ሕክምና የተሻለ የእጅ አጠቃቀም አላገኙም። ያ የሆስፒታል ሮቦት ነው። በኢንተርኔት የሚሸጠው አየር እየነፋ ጣት የሚዘረጋ ጓንት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማንቀሳቀስ ነው፣ መንቀሳቀስ አይደለም። ዘመድ ከውጭ "ምን ልላክ?" ካለ፣ የቴራፒስት ክፍያ ይላክ።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለየትኛው እጅ | የሚሠራው ማን | ወጪ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| ወጌሻ፣ ማሳጅ | ለየትኛውም፣ ለማዝናናት ብቻ | ሌላ ሰው | ዝቅተኛ | ክንድ መጎተት ክልክል |
| የመንግሥት ሆስፒታል | ለሁሉም | እንደ ባለሙያው | ዝቅተኛ፣ ትራንስፖርት ይጨምራል | ወረፋ፣ ድካም |
| ቤት የሚመጣ ቴራፒስት | ለሁሉም | ጠይቁት | ከፍተኛ | ድግግሞሽ ቁጠሩ |
| የቤት የተግባር ልምምድ | ለሚሞክርና ለሚከፈት | በሽተኛው | የለውም ማለት ይቻላል | የሚያርም ባለሙያ |
| ደህናውን እጅ ማሰር | ለሚከፈት ብቻ | በሽተኛው | የለውም ማለት ይቻላል | መውደቅ፣ መቃጠል፣ መሰላቸት |
| መስታወት | ዝም ላለና ለሚሞክር | በሽተኛው | በጣም ዝቅተኛ | የመስታወት ጠርዝ |
| ኤሌክትሪክ | ዝም ላለና ለሚሞክር | ሁለቱም | መካከለኛ | ልብ፣ የሚጥል በሽታ |
| ሮቦት ጓንት | ገንዘብ ለተረፈው | ማሽኑ | ከፍተኛ | ተስፋ ማስቆረጥ |

## እንግዲህ ለማን ምን?

ኪሱ ባዶ ለሆነና እጁ ዝም ላለ። በመንግሥት ሆስፒታል አንድ ጊዜ በደንብ ይመርመር። ከዚያ መስታወት፣ በቀን ግማሽ ሰዓት። ክንዱን ትራስ ላይ እያሳረፉ ትከሻውን መጠበቅ። በየሁለት ሳምንቱ የጠረጴዛውን የ10 ዲግሪ ፈተና ድገሙ። ጣት መነቃነቅ ሲጀምር ወደ ባቄላው እለፉ።

ኪሱ ባዶ ለሆነና እጁ ለሚከፈት። ብዙ ገንዘብ ካለው ሰው ብዙም አትለዩም። ካልሲና ኩሽና ይበቃችኋል። የሚያስፈልገው የሚቆጥር ሰው ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለስ የ10 ዓመት ልጅ ለዚህ ሥራ ከአዋቂ ይበልጣል፤ አይታክተውም፣ አያዝንምም።

መካከለኛ አቅም ላለው። ቴራፒስቱ በሳምንት አንዴ ይምጣ፣ በቀሩት ቀናት የቤት ሥራ። በየቀኑ እያስመጡ በወሩ መጨረሻ ከማቋረጥ ይህ ይሻላል።

ገንዘብ ላለው። ከመሣሪያ በፊት የሰው ሰዓት ግዙ። ኤሌክትሪኩ ባለሙያው ካዘዘ ብቻ።

ዓመት ላለፈው። ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን አንድ ሥራ ምረጡ። "እጄ ይዳን" ሳይሆን "የሸሚዜን ቁልፍ ልቆልፍ"።

የመረጣችሁትን ለ4 ሳምንት ሞክሩት፣ በቁጥር ለኩት። በሙያው የታወቀ ፈተና አለ፤ በ60 ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ሳጥን ወደ ሌላው የሚሻገሩ ትንንሽ እንጨቶች ይቆጠራሉ። እኛ በባቄላ እንሠራዋለን። እሑድ ከቡና በፊት፣ በስልክ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በዚያው ወንበር። ቁጥሩ ለአንድ ወር ካልተነሣ መንገዱን ቀይሩ ወይም ባለሙያውን ጠይቁ። አዲስ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ የፊት መጣመም ወይም የንግግር መወላገድ ከታየ ግን ባቄላውን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

አጎቴ በመጀመሪያው እሑድ 3 ባቄላ አሻገረ። ባለፈው እሑድ 11። መቀሱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እስካሁን አውጡልኝ አላለም።